የዓርብ ማታ የአየር ተራ

አየርን ሰው ይካፈለዋል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። መሬት ይካፈሉታል፤ ሲካፈሉም ይጋደሉበታል። ውኃ ይካፈሉታል፣ ግጦሽ ይካፈሉታል። አየር ግን የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው፣ ድሃውም ባለጸጋውም ያለ ግብር ይተነፍሰዋል ብዬ ነበር የማስበው። አለማወቄ ነው። አየርም ጌታ አለው። ሲያሰኘው ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል፤ ሲያሰኘው ደግሞ "ተጋሩ" ይልና ለማን ስንት እንደደረሰው ሳይናገር ይሄዳል። በእኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

መጀመሪያ የተነጠቅሁት የቤት ስልኩን ነው። ገመድ የሌለው፣ ግን እንደ ባለ ገመዱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ስልክ ነበር። ከጉና ተራራ ግርጌ ባለው መንደራችን ስልኩ የነበረው ሦስት ቤት ብቻ ነው፤ አንዱ የኔ ነው። ከጣራው በላይ በረጅም ባሕር ዛፍ አንቴና ሰቅዬ፣ ባትሪውን በፀሐይ እየሞላሁ፣ የአገሩን መርዶና የሠርግ ጥሪ ሁሉ ስቀበልበት ኖርሁ። አንድ ቀን ጠዋት ባነሳው ጸጥ አለ። ደብረ ታቦር ወርጄ ብጠይቅ፣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ "ያ አገልግሎት ተዘግቷል አባቴ፤ ሞገዱ ለአዲሱ ቴክኖሎጂ ተፈልጓል" አለችኝ። ሞገድ ምንድን ነው ብላት በጣቷ አየሩ ላይ የእባብ መንገድ ሣለችልኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላገኘሁም። ቤቴ ተመልሼ ስልኩን ከግድግዳ ላላትመው ስል ባለቤቴ ቀማችኝና ቆጥ ላይ አኖረችው። አየር የሌለው ስልክ በሬ የሌለው ቀንበር ነው። ቢያኖሩት ምን ይጠቅማል?

ከዚያ ባለ ቁልፏን ትንሿን ስልክ ገዛሁ። ፊደል የቆጠርሁትም በዚያው ሰሞን፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ቀበሌው ማታ ማታ ባቆመው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ሌላው ጎልማሳ ዳዊት ልድገም ብሎ ይማራል። እኔ የልጄን ስም ስልክ ላይ ላንብብ ብዬ ተማርሁ። ስሟን ራሴ ፊደል በፊደል ለቅሜ ስልኩ ውስጥ አስገባሁት። አንድም ቀን ወጥቶልኝ አያውቅም። ከዐረብ አገር የሚመጣ ጥሪ በየጊዜው በማይታወቅ ቁጥር ነው የሚመጣ። የኔ መማር እንግዲህ እዚህ ላይ ዋለ።

ልጄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቃ አንድ ዓመት ከኛ ጋር ድንች ስትኮተኩት ከረመችና ልሂድ አለች። አልከለከልሁም፤ እኔ የማወርሳት ምን አለኝ? እመቤቲቱ ስልኳን ቆልፋባት ትይዛለች፤ ሳምንት ሙሉ ካሠራቻት በኋላ ዓርብ ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትሰጣታለች። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት መሆኑ ነው። እኛ ብንደውል እመቤቲቱ ታነሳና በዐረብኛ ትጮኻለች። ስለዚህ ሳምንቱ ለኛ አንድ ሰዓት ብቻ ነበረው። የቀረው ስድስት ቀን ከነሌሊቱ ያንን መጠበቂያ ነው።

ያን ዓመት መኸሩ ሲገባ፣ ከመንደራችን በላይ ካለው ጋራ ላይ የቆመው ታወር ላይ ሰዎች ወጥተው አዲስ ሣጥን ሰቀሉ። ከተማ ውስጥ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው "ፈጣን ኢንተርኔት መጣላችሁ" እያሉ ዞሩ። ወጣቱ ተደሰተ። እውነትም መጣለት። የኔ ስልክ ግን ከዚያ ወር ጀምሮ ሌላ ጠባይ አመጣች። ቀን የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ባዶ። ልጄ ትደውላለች፤ "አባ—" ትላለች፤ ትቆረጣለች። እንደገና ትደውላለች፤ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል፤ ትቆረጣለች። አንዳንዴ ጨርሶ አይጠራም። ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን ሳይሆን የኔን ፊት ነበር የምታየው። ዓርብ ማታ እራት መብላት ተወች።

በጥር ቦይ ስንጠርግ የታወሩ ባለሙያ መጣ።

ምንጫችን ታወሩ ካለበት ጋራ ሥር ነው የሚፈልቅ። በበጋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የምናጠጣው በሱ ነው፤ የምናጠጣውም በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት እንመርጣለን። ያን ጊዜ የነበሩት ሽማግሌ ከአሥር ዓመት በላይ የተመረጡ፣ የወረዳ ዳኛ የማይፈራው ጎረምሳ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው። በሳቸው ዘንድ ቄስም ሆነ ሊቀ መንበር ተራው ሳይደርስ ጠብታ አያገኝም። ተራ የሰበረ ብቻውን ቀን ሙሉ ቦይ ይጠርጋል። ለገዛ ወንድማቸው እንኳ ሳይራሩ በጭቃ ውስጥ ሲያውሉት አይቻለሁ።

ባለሙያው ከሌላ አገር የመጣ፣ አማርኛው ከኛ ለየት ያለ፣ ቀይ ቆብ ያደረገ ልጅ ነው። ታወሩን አይቶ ሲወርድ የውኃ አባቱ ከቦዩ ወጥተው በአካፋቸው ተደግፈው አስቆሙት።

"ልጄ፣ ያን ነገር ከሰቀላችሁ ወዲህ የኛ ስልክ ሲመሽ አይሠራም። ምን አድርጋችሁት ነው?"

"ምንም አላደረግነውም አባባ። እንዲያውም አዲስ ነው የጨመርነው።"

"ከጨመራችሁማ ለምን ጎደለ?"

ልጁ ሳቅ አለ። ክፉ አይደለም። "መሣሪያው ነው የተጨመረው፤ ሞገዱ አልተጨመረም። የአየሩ መንገድ ያው የድሮው ነው። ድሮ በዚያ መንገድ የሚሄደው የእርስዎ ዓይነት ስልክ ብቻ ነበር። አሁን አዲሱም አሮጌውም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ይጋሩታል።"

"እኩል?"

"እኩል እንኳ አይደለም። ማሽኑ እያየ ያካፍላል። ለአሮጌው ትንሽ ያስቀምጥለታል፤ የቀረውን ብዙ ለጠየቀ ይሰጣል።"

"ለተጠማ አይዶለም፣ ለጠየቀ።"

"እንደዚያ በሉት።"

"የአየር አባቱ ማነው ታዲያ?"

"ማሽኑ ነው፣ አባባ።"

"ማሽንም ጌታ አለው። ጌታው የት ነው የሚገኝ?"

"አዲስ አበባ።"

የውኃ አባቱ ወደኛ ዞር አሉና "እንግዲያው አቤት ብንልም አይሰማን፤ ኔትወርክ የለማ" አሉ። ቦዩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጠጋ አልሁና፣ ብዙ የሚጠይቀው ማነው አልሁት።

"ስማርት ስልክ ያላቸው ናቸው። ማታ ማታ ሁሉም ቪዲዮ ይከፍታል። ያን ጊዜ ለአሮጌው ይጠባል።"

"እነሱ ቢያጠፉትስ? የኛ ይሞላል?"

"በመርህ ደረጃ፣ አዎ" አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በመርህ ደረጃ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ በየቢሮው ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አዎ የምትለዋን ብቻ ይዘን ቀረን።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ወይራው ጥላ ላይ ተቀመጠ። የውኃ አባቱ ቆሙና ነገሩን እንደ ውኃ አድርገው አስረዱ። አየሩ አንድ ቦይ ነው፤ አዲሱ ስልክ ራስጌ ላይ ያለ ማሳ ነው፤ አሮጌው ግርጌ ላይ ነው፤ ራስጌው ሲጠጣ ግርጌው ይደርቃል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ ፀሐይ ከገባች እስከ ሁለት ሰዓት፣ ስማርት ስልክ ያለው ሁሉ ያጥፋ። ልጁ ዐረብ አገር ያለችበት ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ነው ድምፅ የሚሰማው። ሌላው ጊዜ የወጣቱ ነው። ተራ የሰበረ ቦይ ይጠርጋል።

አንድ ጎረምሳ ከኋላ፣ "አባባ፣ ዳታም በፈረቃ ሊሆን ነው?" አለ።

"ምን አለበት? አንተም በፈረቃ ነው የተወለድህ፣ ከወንድምህ ቀጥለህ።"

"እኔ በካርድ የገዛሁትን ለምንድን ነው የማጠፋ?"

"የድንች ዘርህንም ገዝተህ ነው የተከልህ። ውኃው ግን ተራህን ጠብቀህ ነው።"

ከጎረቤቴ ቤት የተዳረች ሙሽራ አለች፤ ምላሷ ስል ነው፤ የልጄ የትምህርት ቤት ባልንጀራ ናት። ባሏ መተማ የቀን ሥራ ሄዶ በቅርቡ ስማርት ስልክ ልኮላት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "እኔስ አባባ፣ ባሌ ዓርብ ዓርብ ነው የሚደውል። ዘግቼው ፍቅሩ ቢያልቅብኝሳ?" አለች።

"ከሁለት ሰዓት በኋላ ክፈችው። እስከዚያ የሚያልቅ ፍቅር ከሆነ ድሮም አልነበረም።"

ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱም ከደጀ ሰላሙ ወጥተው "ዓርብ እንደሆነ ጾም ነው፤ ስልኩም ይጹም" አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ምክር ቤት ቢሆን ሦስት ወር ይፈጅ ነበር።

የመጀመሪያዋ ዓርብ ስትመጣ የውኃ አባቱ ፀሐይ ስትገባ ዱላቸውን ይዘው ቤት ለቤት "አጥፉ፣ አጥፉ" እያሉ ዞሩ። እኔ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ምልክቱ ሳይሟጠጥ አንድ ሰዓት ሆነ። ጠራ። አነሳሁ። ልጄ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳትቆራረጥ ተሰማችኝ። ባለቤቴ ስልኩን ነጥቃኝ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ "ለምን አትበይም? ድምፅሽ ከስቷል" እያለች ትቆጣት ጀመር። ድምፅ እንዴት ይከሳል? ያን ማታ ባለቤቴ እራቷን በላች። መንደሩ ውስጥ ከአራት አምስት ቤት እንዲሁ ደስታ ተሰማ። የውኃ አባቱ በማግስቱ ሲሄዱ ሰው ከመቀመጫው እየተነሣ እጅ ይነሣቸው ነበር።

በሁለተኛዋም ዓርብ ሠራ። ያን ማታ ሙሽሪትም እኛ ቤት ነበረች፤ ስልኳን ዘግታ መጥታ ከልጄ ጋር ተሳሳቀች፤ የአዲሱን ስልክ ቁጥርም ሰጠቻት። ልብ አላልሁትም። እኔን የያዘኝ ልጄ ቀድማ የነገረችኝ ነገር ነው።

"አባዬ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው" አለችኝ። "ለሁለት ዓመት አድሺ ብለውኛል። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ። ካልፈረምሁ እመጣለሁ፤ ከፈረምሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው፤ በመሀል መውጣት የለም።"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ ደክሞኛል" አለች። "ግን እናንተ የምትሉትን ነው። ዓርብ ንገሩኝ። ዝም ካላችሁ ፈርሚ ማለታችሁ ነው ብዬ እፈርማለሁ።"

ባለቤቴ ከጎኔ "ነይ በላት" እያለች ክንዴን ትጎትታለች። እኔ "እንማከርና እንነግርሻለን" አልሁ። በኛ አገር ትልቅ ነገር ሳያድር መልስ አይሰጠውም። በሬ ሲሸጥ ያድራል፤ ልጅ ስትታጭ ያድራል። ቸኩሎ የመለሰ ሰው ቀሊል ይባላል። ደግሞም ሳምንት ነበረን፤ አየሩም በጃችን ነበረ።

ለመማከር አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀብንም። ትምጣ አልን። ገብስ ቢጎድል ይጉደል፤ አንድ አፍ ቢጨመር አያጠፋንም። ባለቤቴ በማግስቱ ጥጧን አውጥታ ለልጅቱ ጋቢ መፍተል ጀመረች። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና፣ "ለዚህች ዓርብ እንኳ ከተማ ወርደን ብንጠብቃትስ?" አልኋት።

"በዚህ ጉልበቴ?" አለች። ጉልበቷ ካበጠ ሁለት ክረምት ሆኖታል፤ ወንዙን እንኳ አትሻገርም። "ወይስ አንተ ሄደህ እኔ ሳልሰማት ልቀር? ሁለት ዓርብ ሠርቶ የለም?"

የውኃ አባቱንም አማከርኋቸው። ተቆጡ። "ተራ ቆሞልህ ሳለ ምን ከተማ ለከተማ ያዞርሃል? በኔ አላመንህም?" አሉኝ። በሳቸው አለማመን በኛ መንደር የሚቻል ነገር አይደለም። ቀረሁ።

ሦስተኛዋ ዓርብ መጣች። ፀሐይ ገባች፤ የውኃ አባቱ ዞሩ፤ ስልኩ ሁሉ ጠፋ። እኔ ምልክቱን አያለሁ። ሁለት ሆነች፤ አንድ ሆነች፤ ባዶ ሆነች። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ወጥቼ ግቢዬ ካብ ላይ ቆምሁ። አንዷ ብልጭ ብላ ጠፋች። ወደ አውድማው ወጣሁ። እዚያም ያው ነው። ባለቤቴ ከደጅ ቆማ "ጠራ?" ትለኛለች፤ "አልጠራም" እላለሁ፤ "ጠራ?" ትለኛለች።

የውኃ አባቱ ሰምተው መጡ። ሌላ ነገር አልታያቸውም። "ሌባ አለ" አሉ። "ተራ የሰበረ ሰው አለ።" ዱላቸውን ይዘው እንደገና ቤት ለቤት ገቡ። በቦይ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ውኃ ሲጎድል ሌባውን ለማግኘት ወደ ላይ እየተከተሉ መሄድ ነው። እኔም ተከተልኋቸው። ያን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተከራከራቸውን ጎረምሳ ከመደቡ አስነሥተው ብርድ ልብሱን ገለጡት።

"አውጣው።"

"ይኸው አባባ፣ ጠፍቷል። እዩት።"

"ሌላ ደብቀሃል።"

"ለሁለት ስልክ መግዣ ከየት አመጣለሁ? ይፈትሹኝ እንግዲህ።"

ፈተሹት። እናቱ "ልጄን በሰው ፊት ሌባ አደረጋችሁት" ብላ ጮኸች። ወደ ሌላ ቤት ሄድን። እዚያም ጠፍቷል። ሙሽሪት ዘንድ ስንደርስ ጥቁሩን ስልክ ከሞሰብ ክዳን ላይ አንሥታ አሳየችን፤ "ጾመኛ ነው" አለች። ተመልሰን ስንወጣ ስልኬ አንድ ጊዜ ጠራ። አነሳሁት። "አባ" የሚል ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ፤ ከዚያ ያ የሚጠበሰው ነገር። ተቆረጠ። ደግሞ አልጠራም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሙሽሪት ስልኳን ከፈተችው። ወዲያው እኛ ቤት መጣች፤ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት እጇ ይዛ። ልጄ የኔ አልሠራ ሲላት ወደ ሙሽሪት ስልክ በኢንተርኔት ደጋግማ ደውላ ነበር። ዝግ ነው። መጨረሻ ላይ ድምፅ ቀድታ ልካለች። ሙሽሪት ነካችውና ልጄ በቤታችን ውስጥ ተናገረች፦

"አባዬ፣ ስልካችሁ እምቢ አለኝ። የሷም ዝግ ነው። ምን ሆናችሁ? ደኅና ናችሁ? ... ሰዓቴ ሊያልቅ ነው። መልሱን ጠብቄ ነበር። ይሁን። ዝም ብላችሁኛል ማለት ነው።"

ባለቤቴ ስልኩን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ነይ ልጄ፣ እንዳትፈርሚ፣ ነይ ብለንሻል፣ ነይ" አለች። ሙሽሪት ላከችውና አየችው። "አንድ ምልክት ብቻ ናት የወጣችው፤ ስልኳን ወስደውባታል፤ አልደረሳትም" አለች። ከዚያ ከደጁ የቆሙትን የውኃ አባት ሳታያቸው፣ "ዛሬ ክፍት ቢሆን ኖሮ አገኛት ነበር" አለች። ሽማግሌው ሰሙ። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔም እንዲገቡ አልጠራኋቸውም። የልጄን ድምፅ ያስመጣልን ብለን ያቆምነው ተራ መንገዷን ዘጋው። ይህን ጠላት አላደረገውም፤ እኛው ነን፣ ቤት ለቤት እየዞርን።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ወረድሁ። ገበያ ነው፤ ባጃጁ፣ ሰዉ፣ ጩኸቱ። ስልክ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያን ባለ ቀይ ቆብ ልጅ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። አወቀኝ። ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ተራውን፣ ሁለቱን የሠሩትን ዓርቦች፣ ሦስተኛዋን። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አባቴ፣ ሁለቱ የሠሩት በናንተ ተራ አይደለም" አለ። "የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለዕረፍት አገራቸው ሄደው ነበር። በዚህ ሳምንት ተመለሱ።"

"ተማሪዎቹ ከኛ ጋር ምን አላቸው?"

"የከተማው ዳር ላይ ያሉት የኪራይ ቤቶችና የናንተ መንደር በአንድ ታወር፣ በአንድ ጎን ናችሁ። ከናንተ አሥር ሃያ ስልክ ቢጠፋ እዚያ በሺሕ የሚቆጠር ይከፈታል።"

"እኛ ያጠፋነውስ? ያስቀረነው አየር የት ሄደ?"

ወደ መሬት አየ። "ማሽኑ ለናንተ ብሎ አያስቀምጥም። ወዲያው ለጠየቀው ነው የሚሰጥ።"

ይህን ስሰማ ገባኝ፤ ቦይ ስለማውቅ ገባኝ። የኛን ቦይ ራስጌውን በዓይናችን እናያለን፤ ድንጋዩን በጃችን ነው የምናነሳው። የአየሩን ራስጌ ያየ ግን ከመካከላችን የለም። የራሳችንን ማሳ ደፍነን ውኃውን ለማናውቀው ሰው ስንለቅ ነው የከረምነው። ተማሪዎቹን አልረገምሁም። አንዱ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ይሆናል፤ ሌላው ኳስ ሲያይ ይሆናል። ማሽኑ እንደሆነ ለቅሶና ኳስ አይለይም። ግን ይህን ያደላደለው ሰው፣ ያ አዲስ አበባ ያለው፣ ሰው ነውና ይለይ ነበር። አልጠየቀንም። አንድ የውኃ አባት እንኳ ቦይ ሲያዞር ግርጌ ያለውን ሰው ጠርቶ "ትደርቃለህ" ይለዋል።

ወደ ውስጥም ገባሁ። መስኮቱ ኋላ ያለችው ሌላ ልጅ ናት። አቤቱታዬን ሳልጨርስ ስልኬን አይታ፣ "ይህ እኮ አሮጌ ነው አባቴ፤ አዲሱን ይግዙና ይገላገሉ" አለችኝ። በግድግዳው ላይ ፈገግ ያለች ሴት ሥዕል አለ፤ ሥሩ የተጻፈውን አነበብሁት፤ "ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" ይላል። ሳልማር ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋን ብቻ አይቼ እወጣ ነበር።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። ጊዜው ረፋድ አልፏል። ልጄ ፈርማለች። ያ የእናቷ "ነይ" ግን አሁንም እዚያ ሙሽሪት ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ዓርብን ይጠብቃል። ዓርብ ስልኳን ስትከፍት ይገባላታል። ነይ ብለናት እንደነበረ ታውቃለች፤ አውቃውም ሁለት ዓመት የሰው ወለል ትወለውላለች። ቤቴ ሳልገባ ወደ ሙሽሪት ሄድሁ።

"ያ የላክነው ድምፅ፣ ሳትሰማው መመለስ ይቻላል?"

"ይቻላል አባባ። ካልከፈተችው ከሷም ይጠፋል።" አየችኝ። "ለምን?"

"አጥፊው።"

"እማማ ያውቃሉ?"

"እነግራታለሁ። አጥፊው።"

አጠፋችው። ለባለቤቴ ነገርኋት። ተቆጥታ ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። "አንተ ንገራት እንግዲህ" አለችኝ። "እኔ ለልጄ አልዋሽም፤ ስልኩንም አልይዝም።"

ዓርብ መጣች። የውኃ አባቱ አልዞሩም፤ ማንም ምንም አላጠፋም። ሙሽሪት ስልኳን ይዛ እኛ ቤት መጥታ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ላይ ጠራ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያ በአዲሱ ስልክ የልጄ ድምፅ ከአጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማኛል። ደኅንነታችንን ጠየቀች። ከዚያ፣ "አባዬ፣ መልስ ሳጣ ፈረምሁ። ተቆጣችሁ?" አለች።

"አልተቆጣንም። እኛም ይህንኑ ነበር የምንልሽ።"

"ፈርሚ ልትሉኝ ነበር?"

"አዎ።"

 ተቆረጠ እንዳልል ትንፋሿ ይሰማል።

"እኔ ነይ የምትሉኝ መስሎኝ" አለች፤ ሳቅም ለማለት ሞከረች። "ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼው ነበር እኮ። ዕቃዬንም ግማሹን አስገብቼ ነበር።"

"በርቺ" አልኋት።

"እሺ አባዬ።"

ሰዓቷ ገና ግማሹም አላለቀ።  "እስቲ ሙሽሪትን አገናኘኝ" አለች። ስልኩን ሰጠኋትና ወደ ውጭ ወጣሁ።